የቃሬዛው የፊት ቀኝ

ሰኞ

አራት። አምስተኛው ላይ ክንዴ ተንቀጠቀጠና በግንባሬ ሰሌኑ ላይ ተደፋሁ። ለመነሳት ስላልቸኮልሁ እዚያው ትንሽ ቆየሁ። ከገብሱ ጆንያ ሥር ባለፈው ወር የጠፋብኝን ቀይ እስክሪብቶ አየሁት። የመጀመሪያው ቀን ውጤት እንግዲህ ይህ ነው፦ አራት ፑሽ አፕና አንድ እስክሪብቶ።

ሚስቴ የሺ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ምን ወድቆብህ ነው የምትፈልገው?» አለች።

ለምን እንደጀመርሁ ልጻፍ። ሳምንት ሳይሞላኝ ማቋረጤ ስለማይቀር ምክንያቱ እንኳ በወረቀት ይቅር።

ቅዳሜ ቀብር ነበር። ከታችኛው ሰፈር አንዲት አሮጊት አረፉ። ቃሬዛውን አራት ሆነን አነሳን፤ እኔ ከፊት በቀኝ በኩል። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ዓይኔ ጭልም አለ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ቃሬዛው በእኔ በኩል ዘመም አለ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። እኔን የጎዳኝ ዝምታው ነው። አንድ ሰው ከኋላ ሮጦ ትከሻውን ባያስገባ ኖሮ፣ ዘመናቸውን ሙሉ ቀጥ ብለው የሄዱት አሮጊት በእኔ ሰበብ ሊወድቁ ነበር።

ቅሬያችን (ልጄ አዲስ አበባ ከሄደች ወዲህ እድር ትለዋለች) እስላም ክርስቲያን ሳይል የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይቀብራል። ወንዱ በሁለት ይመዘገባል፦ ተሸካሚና ተቀማጭ። ተሸካሚ ቃሬዛ ያነሳል። ተቀማጭ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ወንበር ይቆጥራል፤ ለዚህም ወይ ማርጀት ወይ መታመም አለበት። ከቀብር ስንመለስ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር ክንዴን ያዝ አድርገው «መምህር፣ እሑድ ስብሰባ ላይ መዝገቡን እናየዋለን» አሉኝ። በጣም በለሰለሰ ድምፅ ነው ያሉኝ። በዚያ ድምፅ የሚናገሩት ለሟች ቤተሰብ ነው።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ታሪክ አስተምራለሁ። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ ያን የሚያህል መድፍ ሽቅብ ጎትተው ያወጡ ሰዎች እንደነበሩ በየዓመቱ ለተማሪ እነግራለሁ። እኔ የአንዲት ቀጭን አሮጊት ሩብ አቃተኝ።

ዋናው ምክንያት ግን ከግድግዳው ወዲያ ነው ያለው። የእኛ ዕቃ ቤትና የጎረቤታችን የጋሽ ሙሄ መኝታ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ጋሽ ሙሄ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ግማሹን ዘመን ከእኔ ጋር አንድ መምህራን ክፍል ውስጥ። አሁን ልባቸው ደክሞ ከተኙ ሦስት ወር ሆናቸው። ገና ደኅና ሳሉ «የእኔን ቃሬዛ የፊት ቀኙን አንተ ነህ የምትይዘው፣ ቃል ግባ» ይሉኝ ነበር። እየሳቅሁ ቃል ገባሁ። ስገባ ዳገቱን አላሰብሁም።

ንብረት፦ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን (ውኃ በመጣ ቀን ሙሉ፣ ባልመጣ ቀን ባዶ)፤ ግማሽ ጆንያ ገብስ፤ አንድ አጠና፤ ልጄ በስልክ የላከችልኝ የስፖርት ቪዲዮ። ቦታ፦ ዕቃ ቤት። ሰዓት፦ ንጋት አሥራ ሁለት። ውጪ መሮጥ አይታሰብም። በዚህ ዘመን ጎህ ሳይቀድ አንድ ሰው ሲሮጥ ከታየ፣ ከምን እንደሚሸሽ ሳይጠየቅ ሰፈሩ አብሮ ይሮጣል።

ለማንም አልናገርም። አሁን ልተኛ።

ማክሰኞ

ክንዴ አይነሳም። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ከደረቴ በታች ብቻ ጻፍሁ። የኋላ ወንበር ተማሪዎች ቆመው ገለበጡ። አንዷ «መምህር፣ ከፍ አድርገው አይጽፉልንም?» አለች። «ታሪክ ከታች ነው የሚጀምረው» አልኋት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ለፈተና ታጠናው ይሆናል።

ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ እየዘለለች ፈገግ ትላለች። ከጀርባዋ ሰፊ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ባሕር ይታያል። ከእኔ ጀርባ የበርበሬ ጆንያ አለ፤ በረዥሙ ስተነፍስ ያስነጥሰኛል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ልጅቷ እግሯን አየር ላይ እንደሰቀለች ቀጥ ትላለች። እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ። ከልምምዱ ሁሉ የሚስማማኝ ይህ ክፍል ነው።

ፑሽ አፕ፦ ሦስት። ወደ ኋላ እየሄድሁ ነው። ጀሪካን፦ በየእጁ ስምንት፣ ከማቃሰት ጋር። ማቃሰቱ ይረዳል፤ ሳላቃስት ከአምስት አላልፍም። ጮክ ብሎ መቁጠርም ይረዳል፣ ቢያንስ ያለቀ ያስመስለዋል።

ሰውነት የነፍስ ወህኒ ቤት ነው ያሉ የጥንት ፈላስፎች እንደነበሩ አንብቤአለሁ። ወህኒ ቤቱን በሁለት ክንድ ከመሬት ስለማንሳት የጻፉት ነገር የለም።

የሃምሳ ሰባት ተማሪ ፈተና አልታረመም። ቀዩን እስክሪብቶ ማግኘቴ አሁን ምክንያት አሳጣኝ።

ረቡዕ

ታምሜያለሁ። ማለት አልታመምሁም፤ ሰፈሩ ነው እንደታመምሁ የወሰነው።

ከትምህርት ቤት ተመልሼ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ። የጋሽ ሙሄ ባለቤት እትዬ ዘይነባ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ገቡ። እግሬን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አፊያ ያርግህ መምህር። ሦስት ቀን ሙሉ ጎህ ሲቀድ ስታቃስት እየሰማሁ አንጀቴ ተላወሰ። ደግሞ እያቃሰትህ ትቆጥራለህ። ምኑን ነው የምትቆጥረው? ለሙሄ ብነግረው ዝም አለኝ። እሱም አሳስቦታል።»

ስፖርት ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ አሰብሁ። እትዬ ዘይነባ ካወቁ እስከ መግሪብ ሰፈሩ ያውቃል። ሰፈሩ ካወቀ ጋሽ ይመር ያውቃሉ። ቃሬዛ ለማንሳት የሚለማመድ ሰው ደግሞ ቃሬዛ አልቻልሁም ብሎ በፊርማው አረጋገጠ ማለት ነው። ይህም ይሁን። ግን ባሏ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ላለባት ሴት፣ «እሳቸውን ለመሸከም እየተለማመድሁ ነው» ተብሎ በምን አፍ ይነገራል?

«ወገቤን ነው» አልሁ።

የታመመ አባል ሄዶ ያልጠየቀ በቅሬው ደንብ ይቀጣል። ስለዚህ ሁሉም መጣ። እስኪመሽ ድረስ የገባልኝ ነገር፦ አጥሚት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ማር በብርጭቆ፣ የተቀቀለ እንቁላል ስድስት። የገባልኝ ምክር፦ ጠበል፣ ዱዓ፣ ዝንጅብል፣ ወገቤ ላይ ቆሞ የሚረግጠኝ ሰው። የመጨረሻውን ያመጣው ሰውዬ ጫማውን ማውለቅ ጀምሮ ነበር፤ የሺ ደረሰችልኝ።

ሁሉንም በላሁ። በሽተኛ እምቢ ሲል ባሰበት ይባላል። በሦስት ጠዋት ያወጣሁት ላብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተተካ።

ሰው ሲወጣ የሺ «ምናለ ብትነግራቸው?» አለችኝ።

«አንቺ ብትሆኚ ለእትዬ ዘይነባ ትነግሪያቸው ነበር?»

ሰሃኑን ሰብስባ ገባች። ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት፤ ቆይቶ ደግሞ መሳቋን ተወች።

ሐሙስ

ፎጣ ነክሼ ሠራሁ። ቁጥሩንም በልቤ። ስድስት ፑሽ አፕ። ከፎጣው ይሁን ከእንቁላሉ አላውቅም፣ ስድስት ግን ስድስት ነው።

ደስታው እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። በአሥር ሰዓት ጋሽ ይመር ሊጠይቁኝ መጡ። በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚያይ መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥለው ትከሻዬን አዩ።

«እንዴት ነህ መምህር?»

«ደኅና ነኝ ጋሽ ይመር። ቀላል ነው።»

«ቀላል አይደለም። ቅዳሜ ለታ ስትንገዳገድ ጊዜ አውቄዋለሁ። ወገብ ነው ለካ። አብሽር። እሑድ ስምህን ወደ ተቀማጭ አዛውረዋለሁ። ነውር የለውም፣ እኔም ተቀማጭ ነኝ።»

«እርስዎ እኮ ሰባ ስምንት ዓመትዎ ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ደግሞ ወንበር ብቻ አይምሰልህ፤ ሰሃንም ይቆጠራል።»

ለጋሽ ሙሄ የገባሁትን ቃል ነገርኋቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የነገርኋቸው፤ ግድግዳው አያስተማምንም።

«እሱን ለልጆቹ ተወው» አሉ።

«ልጆቻቸው ጅዳ ናቸው። ሁለቱም።»

«አውቃለሁ። እንግዲያ ከቅሬው አንድ ጎበዝ አይጠፋም።» ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «እሱ የሚያውቀው ነገር የለም መምህር፤ ማን ያዘው ማን፣ ለሱ አንድ ነው» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነበር። ለእኔ ግን አንድ አይደለም፤ ጋሽ ሙሄም ዛሬ ያውቃሉ፣ ሁሉንም ይሰማሉ።

ፈተናው አሁንም አልታረመም። ድካም ብቻ።

ዓርብ

አልሠራሁም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ ጣራውን አየሁ፣ ውርጩን አሰብሁ፣ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። ወንበር ለመቁጠር ደረት አያስፈልግም።

ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ሙሄን ላያቸው ሄድሁ። ሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠውልጓል፣ ዓይናቸው ግን ያው የድሮው ነው፤ መልሱን ሳትጽፍ ስህተትህን የሚያይ።

«ልጠይቅህ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ እንደምታየኝ ነው» አሉ። እትዬ ዘይነባ እስኪወጡ ጠበቁና «ስንት ደረስህ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ፑሽ አፑ ነዋ። ትናንት አፍህን አፍነህ ስድስት ሠራህ። ዛሬ ቀረህ።»

«አውቀው ነው ዝም ያሉት?»

«ከሰኞ ጀምሮ። የታመመ ሰው ስምንት ስምንት እያደረገ ከፋፍሎ አያቃስትም። ዘይነባ ‹መምህር ታመመ› ስትል ልነግራት ነበር። ከዚያ ተውሁት።»

«ለምን?»

«ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ ከረመ። አላህ ይስጣቸው፣ አልጠላሁም። ግን ጠዋት ይመጣሉ፣ ከሰዓት ይመጣሉ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ ዓይኔን አልከድንም። ረቡዕና ሐሙስ ሁሉም አንተ ዘንድ ሄዱ። ወላሂ፣ ከተኛሁ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።»

«እርስዎ እንዲተኙ እኔ ሰሃን ቆጣሪ ልሆን ነው» አልሁና ጋሽ ይመር ያሉኝን ነገርኋቸው።

ከብርድ ልብሱ ላይ ያልነበረ ክር ለቀሙ። ከዚያ «ለእኔ ነው የምትለማመደው?» አሉ።

«ለጤናዬ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሲዋሽ የሰማሁ ሰው ነኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያ ስማኝ። እኔ በየሳምንቱ እየቀነስሁ ነው። አንተ በየሳምንቱ ጨምር። የሆነ ቦታ ላይ መገናኘታችን አይቀርም። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው።»

ሳቅን። የእሳቸው ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እትዬ ዘይነባ ውኃ ይዘው ሮጠው ገቡ። «በሽተኛ በሽተኛን እንዲህ ነው የሚጠይቀው?» ብለው ሁለታችንንም ተቆጡን።

ስወጣ ጋሽ ሙሄ ከዘራቸውን ከአልጋው ራስጌ አንሥተው ግድግዳውን አንድ ጊዜ መታ አደረጉ። «ከነገ ጀምሮ የምቆጥረው እኔ ነኝ። አንተ ታጭበረብራለህ» አሉ።

ቅዳሜ

ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ግድግዳው ተንኳኳ።

አንድ ምት፣ አንድ ፑሽ አፕ። አራተኛው ላይ ደረቴን በግማሽ አውርጄ ተነሳሁ። ምቱ ቆመ። ጠበቅሁ። እሳቸውም ጠበቁ። ደግሜ በደንብ ሠራሁት። ቀጠለ። ስምንት ላይ አበቃሁ። ዘጠነኛው ምት ብቻውን ቀረ፤ ነገ እንድከፍለው የተውልኝ ይመስለኛል።

ከዚያ አጠናውን በትከሻዬ፣ ጀሪካኖቹን በጫፍና በጫፉ አድርጌ ከበሩ እስከ ገብሱ፣ ከገብሱ እስከ በሩ። ሃያ ምልልስ። የሺ ክዳኑ የላላውን ጀሪካን በእጇ ደግፋ አብራኝ ተመላለሰች። አሥረኛው ላይ «ቀብር መሰለ እኮ» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ምልልሱን ቀጠልን።

ትከሻዬ ላይ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቀይ ሰንበር ወጥቷል። በመስታወት ሁለት ጊዜ አየሁት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ባለ ነገር መኩራት ያሳፍራል፤ ሦስተኛም አየሁት።

ረፋዱ ላይ እትዬ ዘይነባ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ሙሄ ነገረኝ» አሉ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ትኩስ ዳቦ በአጥሩ አሻግረው ሰጡኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር፤ ለምኑ እንደሆነ አላወቅሁም። ዳቦውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አንድ ነገር፦ የመጨረሻዎቹ ምቶች ከመጀመሪያዎቹ የሳሱ ነበሩ። ማናችን ማንን እያለማመድን እንደሆነ እንጃ።

እሑድ

ዘጠኝ። የትናንቱን ዕዳ ከፈልሁ።

ስብሰባው በቅሬው ዕቃ ቤት ደጃፍ ነበር፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ያነባሉ። ስሜ ላይ ሲደርሱ ያን የለሰለሰ ድምፃቸውን አወጡ። «መምህር አስናቀ። ወገቡን ታሟል፤ እግዜር ይማረው። ወደ ተቀማጭ…»

እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ። ሻሻቸውን እያስተካከሉ መጥተው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ለዳኛው ሰጡ። «ከሙሄ ነው። በጉባኤ ይነበብ ብሏል።»

ጋሽ ይመር ቀስ ብለው አነበቡት። ማታ ወረቀቱን ለምኜ ወሰድሁት፤ እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ለቅሬያችን ዳኛና አባላት። አሰላሙ አለይኩም፣ ለክርስቲያኖቹም ጤና ይስጥልኝ። መምህር አስናቀ ቀርፋፋ ተሸካሚ ነው ማለታችሁን ሰማሁ። ልክ ናችሁ። እኔ ግን አልቸኩልም። ወገቡን አልታመመም፤ በየጠዋቱ በእኔ ተቆጣጣሪነት ይለማመዳል። የዛሬ ውጤቱ ዘጠኝ ነው። ማለፊያ ነጥብ አሟልቷል። የፊት ቀኙን ለእሱ ተዉልኝ። ሙሄ።»

እኔ ጫማዬን አየሁ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ የበላው እንቁላል?» አለ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሴቶቹ በሻሻቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ወገቤን ሊረግጠኝ የነበረው ሰውዬ ከሁሉ በላይ ሳቀ።

ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። «እንግዲህ ወረቀቱን ሰምተናል። ስሙ እዚያው ይቆይ። በሚቀጥለው ቀብር እናየዋለን» አሉ።

ሳቁ ቆመ። የሚቀጥለው ቀብር የማን ሊሆን እንደሚችል እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ይመርም የተናገሩት የገባቸው ከተናገሩት በኋላ ነው፤ መነጽራቸውን አደረጉት፣ መልሰው አወለቁት።

እትዬ ዘይነባ ገና አልተቀመጡም ነበር። «እንግዲያማ ገና ብዙ ይለማመዳል» አሉና ወደ ቦታቸው ሄዱ።

ሰኞ

አሥራ ሁለት ሰዓት። ሰሌኑ ላይ ወረድሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁ፣ ጠበቅሁ።

ምት የለም።

መጀመሪያ ሰዓቴ ቀድሞ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። አዛኑ ግን ካበቃ ቆይቷል። ከግድግዳው ወዲያ ሳል የለም፣ የእትዬ ዘይነባ እርምጃ የለም። ሳይመታ መውረድ ማጭበርበር ነው፤ መነሳት ደግሞ አልፈለግሁም። ብነሳ ምክንያቱን ማሰብ ሊኖርብኝ ነው። እዚያው በተዘረጋ ክንዴ ቆየሁ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቤ በአፍንጫዬ ሰሌኑ ላይ ይንጠባጠባል። ስንት ጠብታ እንደሆነ አልቆጠርሁም፤ የምቆጥረው እኔ አይደለሁማ።

የሺ በሩ ላይ መጣች። ወደ ግድግዳው እያመለከተች፣ ሄጄ ልያቸው? አለችኝ፣ ያለ ድምፅ። ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ይሁን አይ ይሁን እኔም አላወቅሁትም፤ እሷም አልሄደችም።

ከዚያ ግድግዳው ተመታ።

አንድ። ከዘራው ግድግዳውን የነካ ብቻ ነው የሚመስለው። ወረድሁ፣ ተነሳሁ። ረዥም ጊዜ ቆይቶ ሁለት። ሦስት። ሦስተኛው ላይ ደረቴ ሰሌኑን እስኪነካ ወረድሁ፤ ዛሬ እንኳ ግማሽ አላደርግም። አራት።

አምስተኛውን ጠበቅሁ። አቅሙ ነበረኝ፣ ለአሥርም ነበረኝ። ባለፈው ሰኞ አራት ላይ ያለቀው የእኔ ጉልበት ነበር። በግንባሬ ተደፍቼ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ማንኮራፋት። ቀስ ያለ፣ ግን የታወቀ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ከምሳ በኋላ ዓመታት የሰማሁት። ከዘራውን እንደያዙ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

በአጥሩ በኩል እትዬ ዘይነባ ለአንድ ማለዳ ጠያቂ «ዛሬ አይገባም፣ ተኝቷል» ሲሉ ሰማሁ። ጠያቂው ወደ እኛ በር እንዳይመጣ ሰጋሁ።

ጀሪካኖቹን ዛሬ አላነሳኋቸውም። ውኃው ይንቦጫቦጫል። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በጣቴ ጫፍ ከዕቃ ቤቱ ወጣሁ።